የክንድ ማደንዘዣ ታሪክ፦ ከበሽተኛው አንደበት እስከ አልትራሳውንድ

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች የእጁ አጥንት ተሰብሮ፣ ትከሻው ታሞ፣ ወይም ለኩላሊት እጥበት የሚያገለግል የደም ሥር ክንዱ ላይ ሊሠራለት ሆስፒታል የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። «ሙሉ በሙሉ እናስተኛዎት ወይስ ክንድዎን ብቻ እናደንዝዘው?» የሚል ነው። ክንዱ ብቻ እንዲደነዝዝ የፈቀደ ሰው፣ የሰመመን ሐኪሙ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አንገቱ ሥር ወይም ብብቱ አጠገብ አስደግፎ፣ ዓይኑን ቴሌቪዥን ከመሰለው የአልትራሳውንድ መስኮት ላይ ሳይነቅል መርፌውን ሲሰድ ያያል። ከሩብ ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንዱ ከትከሻው ተንጠልጥሎ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ ይታየዋል።

ይህ ጥበብ እዚህ ደረጃ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ፣ ብዙ ብልሃትና ብዙ ጉዳት የታየበት ታሪክ አለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ለረዥም ዘመን የሐኪሙን መርፌ ይመራ የነበረው የበሽተኛው ቃል ነበር። ዛሬ የሚመራው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ብዙ አደጋ አስቀርቷል፤ ሁሉንም ግን አላስቀረም። ላልቀረው አደጋ ዛሬም የበሽተኛው ቃል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከቪየና የተሰደደው ሐኪም

ሙሉ ሰመመን በአደባባይ የተመሰከረለት በ1846 በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በኤተር ትንፋሽ በሽተኛውን አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህ ለሰው ልጅ ታላቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ኤተር ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ያስተኛል፤ ሲነቃም ያስታውከዋል። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ደግሞ ትውከት እጅግ አደገኛ ነው።

ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ካርል ኮለር የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም ይሠራ ነበር። ጓደኛው ሲግመንድ ፍሮይድ (ኋላ በአእምሮ ሕክምና ስመ ጥር የሆነው) ከደቡብ አሜሪካ ኮካ ቅጠል ስለሚወጣው ኮኬይን ይመራመር ነበር። የአንዲስ ተራራ ሕዝብ ያንን ቅጠል በእኛ አገር ጫት እንደሚታኘክ ያኝከው ነበር። ኮኬይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ ብዙዎች ያውቁ ነበር፤ ምላስን ካደነዘዘ ዓይንንም ያደነዝዛል ብሎ ያሰበ ግን ኮለር ነው። መጀመሪያ በእንስሳት፣ ቀጥሎ በራሱ ዓይን ላይ ሞከረው። ዓይኑን በስፒል ራስ ሲነካው ምንም አልተሰማውም።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር በሃይድልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ተደረገ። ኮለር ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አትላንቲክን ተሻገረ። ኮለር ግን በአገሩ ዕድል አልቀናውም። አይሁዳዊ በመሆኑ አንድ የሥራ ባልደረባው ሰደበው፤ እሱም በጥፊ መለሰለት፤ ነገሩ በጎራዴ ግጥሚያ አለቀ። ኮለር በግጥሚያው ቢያሸንፍም ይመኘው የነበረውን የሥራ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። በመጨረሻም በ1888 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። በዚያም ማውንት ሳይናይ በተባለው ሆስፒታልና በከተማዋ የዓይን ሐኪም ሆኖ ኖሮ በ1944 አረፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሳይተኛ የሚታከም ሰው ሁሉ የዚህ ስደተኛ ባለ ዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው መሥዋዕት

የኮለር ወሬ ኒው ዮርክ እንደደረሰ ዊልያም ሃልስተድና ሪቻርድ ሆል የተባሉ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች ኮኬይንን በመርፌ ወደ ነርቭ አጠገብ መስጠት ጀመሩ። ሃልስተድ የአንገትን ሥጋ ከፍቶ የክንድ ነርቮችን በዓይኑ እያየ ማደንዘዣውን አፈሰሰባቸው። የክንድ ነርቮችን ማደንዘዝ የተጀመረው እንግዲህ በማየት ነበር። ነገር ግን ነርቩን ለማየት ሲባል አንገትን መቅደድ ለማንም የሚመች መንገድ አልነበረም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ሐኪሞቹ ሙከራውን ያካሂዱ የነበረው በራሳቸው ሰውነት ላይ ነው። ኮኬይን ሱስ እንደሚያስይዝ በውል ባልታወቀበት ዘመን ሁለቱም በሱሱ ተያዙ። ሃልስተድ ሆስፒታል ገብቶ ቢታከምም በኮኬይን ፋንታ የሞርፊን ሱሰኛ ሆነ። እንዲያም ሆኖ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ለመሆን በቅቶ በ1922 ሞተ። የሱሱ ምሥጢር ባልደረባው ዊልያም ኦስለር ጽፎ ባስቀመጠው ማስታወሻ ታሽጎ ኖሮ የተገለጠው በ1969 ነው። አሐዱ ብሎ የተጀመረው የክንድ ማደንዘዣ የመጀመሪያ ጉዳት የደረሰው በሐኪሞቹ ላይ መሆኑ ነው።

ኮኬይንን የሚተካ መድኃኒት የተገኘው በጀርመን ነው። ሄንሪክ ብራውን በ1903 አድሬናሊን ከማደንዘዣው ጋር ቢደባለቅ መድኃኒቱ በተወጋበት ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳየ። በ1905 ደግሞ አልፍሬድ አይንሆርን የሠራውን፣ ኖቮኬይን የተባለውንና ሱስ የማያስይዘውን መድኃኒት ለሕክምና አቀረበ።

«ካልነዘረ አልደነዘዘም»

የክንድ ነርቮች መንገድ እንዲህ ነው። አምስት የነርቭ ሥሮች ከአከርካሪው፣ ከአንገት ታችኛው ክፍልና ከደረት መጀመሪያ ይወጣሉ። ከዚያም እንደ ሹሩባ እየተጎነጎኑና እየተለያዩ፣ በአንገትና በትከሻ መካከል ካለው አግዳሚ አጥንት ሥር አልፈው፣ በብብት በኩል ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ከአግዳሚው አጥንት በላይ ሁሉም በአንድ ጠባብ ሥፍራ ይሰበሰባሉ። እዚያ ላይ የተሰጠ አንድ መርፌ ክንዱን በሙሉ ያደነዝዛል። ችግሩ ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። አጠገባቸው ትልቅ የደም ቧንቧ አለ፤ ከሥራቸው ደግሞ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሳንባ ጫፍ አለ።

በ1911 ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች ሥጋ ሳይቀዱ በመርፌ ብቻ ይህን ለማድረግ ቻሉ። ጌኦርግ ሂርሽል በሃይድልበርግ በብብት በኩል ገባ። ዲድሪክ ኩለንካምፕፍ ደግሞ በዝቪካው ከተማ ከአግዳሚው አጥንት በላይ ወጋ፤ መጀመሪያ የሞከረውም በራሱ ላይ ነው። ኩለንካምፕፍ በ1928 ከሌላ ሐኪም ጋር ባወጣው ጽሑፍ አርእስት ላይ «አደጋዎቹ» የሚል ቃል አስገብቷል። አደጋውን ሳይደብቅ መናገሩ ሊመሰገንበት ይገባል።

መርፌው ቦታውን ማግኘቱ በምን ይታወቅ ነበር? በበሽተኛው አንደበት ነው። ሐኪሙ ቀስ እያለ መርፌውን ይሰዳል፤ በሽተኛው እጁ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው «ነዘረኝ» ይላል፤ ሐኪሙም ያን ጊዜ መድኃኒቱን ይለቃል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሲያትል ይሠራ የነበረው ዳንኤል ሙር ያስፋፋው አባባል ወደ አማርኛ ቢመለስ «ካልነዘረ አልደነዘዘም» የሚል ይሆናል። በሽተኛው የሐኪሙ ዓይን ነበር ማለት ነው። የሐኪሙን ቋንቋ የማያውቅ፣ የደነገጠ ወይም ሕፃን የሆነ በሽተኛ ግን ይህን አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም ነበር። የሚነዝረው ነርቭ ራሱ በመርፌው የተነካ ስለሆነም መንዘሩ ምልክት ብቻ ሳይሆን የጉዳት መነሻም ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች ይሰጉ ነበር።

መርፌው አቅጣጫውን ሲስት ሳንባን ይወጋል፤ አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ ይታሰራል፤ መተንፈስ ያስቸግራል። በጥንቱ ዘዴ ይህ ጉዳት በየጥናቱ ከመቶ በሽተኞች ከግማሽ እስከ ስድስት ያህሉን ያገኝ እንደነበር ተዘግቧል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሐኪሞች ዘዴውን ፈርተው ተዉት። አሎን ዊኒ የተባለው አሜሪካዊ በ1970 ከሳንባው ራቅ ብሎ በአንገት ጡንቻዎች መካከል የሚገባበትን መንገድ አሳየ። ይህም የራሱ ጣጣ ነበረው። በ1991 በኒው ዮርክ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ መንገድ የተወጉት በሽተኞች ሁሉ በተወጉበት ጎን ያለው የድያፍራም ግማሽ፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ለጊዜው ሥራ አቁሟል። ጤነኛ ሰው ይህን ብዙም ሳያውቀው ያልፋል፤ ሳንባው የታመመ ሰው ግን ይጨነቃል።

መድኃኒቱም ልብን ሲያቆም

ሌላው አደጋ ከመርፌው ሳይሆን ከመድኃኒቱ የሚመጣ ነው። በ1943 ስዊድናውያኑ ኒልስ ሎፍግረንና ቤንግት ሉንድክቪስት ሊዶኬይንን አገኙ። በ1957 ደግሞ ለብዙ ሰዓት የሚያደነዝዘው ቡፒቫኬይን ተሠራ። ክንዱ ለአንድ ሌሊት ያህል ሳይታመም እንዲያድር ያስቻለው ይህ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ ወይም ከልክ ካለፈ አንጎልንና ልብን ይመርዛል። በ1979 ጆርጅ አልብራይት የተባለ አሜሪካዊ የሰመመን ሐኪም፣ ቡፒቫኬይንና መሰሉ ከተሰጡ በኋላ ልባቸው በድንገት ስለቆመ በሽተኞች ጽፎ ሙያውን አስደነገጠ። የቆመውን ልብ መልሶ ማስነሣት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ካልታሰበበት ነው። በቺካጎ ይመራመር የነበረው ጋይ ዋይንበርግ፣ በአፋቸው መመገብ ለማይችሉ በሽተኞች በደም ሥር የሚሰጠው፣ ወተት የሚመስለው የቅባት ፈሳሽ የቡፒቫኬይንን መርዝ ያባብሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። በ1998 ያወጣው የአይጦች ሙከራ ግን ፈሳሹ ከመርዙ እንደሚያድን አሳየ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ አንድ የ58 ዓመት ሰው ለትከሻው ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ ልቡ ቆመ። የተለመደው ርዳታ ሁሉ ሳይሠራ ቆይቶ ይህ የቅባት ፈሳሽ ሲሰጠው ልቡ ተመለሰ፤ ሰውየውም ዳነ። በሰው ላይ መሥራቱ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነበር። የሆነውም ኮለር ተሰድዶ በሠራበት በዚያው ማውንት ሳይናይ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ይህ ፈሳሽ በቅርብ እንዲቀመጥ ይመከራል።

የገደል ማሚቶ ሥዕል

አልትራሳውንድ የሚሠራው እንደ ገደል ማሚቶ ነው። መሣሪያዋ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ሥጋ ትልካለች፤ ድምፁ አጥንትን፣ ደም ሥርንና ነርቭን እየመታ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ከማሚቶው ሥዕል ይሠራል። ድምፅን ለሕክምና ምርመራ ለማዋል ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1942 የቪየናው የነርቭ ሐኪም ካርል ዱሲክ ነው። በ1958 ኢያን ዶናልድ ከግላስጎው የማኅፀን ሕክምና ጥናቱን ሲያሳትም ነገሩ በሰፊው ታወቀ። ብዙዎቻችን አልትራሳውንድን የምናውቀው ከእርግዝና ጋር ነው።

ለክንድ ማደንዘዣ ሲውል መጀመሪያ ያገለገለው ለመስሚያነት ነበር። በ1978 ላ ግራንዥና ባልደረቦቹ በ61 በሽተኞች ላይ የደም ቧንቧውን ምት በድምፅ መሣሪያ እየፈለጉ ከጎኑ ወጉ፤ ከመቶ 98 ያህሉ ተሳካ። ነርቩን ራሱን በሥዕል እያዩ መውጋት ግን የተሻለ መሣሪያ መጠበቅ ነበረበት። በ1994 ሽቴፋን ካፕራልና ባልደረቦቹ በ40 በሽተኞች ላይ ነርቩን፣ የደም ሥሩንና የሳንባውን ወሰን በሥዕል እያዩ ወጉ፤ ከመቶ 95 ያህሉ ሲሳካ የአንድም ሰው ሳንባ አልተወጋም። ይህ የተደረገው የት ይመስላችኋል? በቪየና ነው። ኮለር ዓይኑን በስፒል ራስ ከነካ ከ110 ዓመት በኋላ ማደንዘዣው ተመልሶ እዚያው ከተማ ዓይን አገኘ።

ሥዕሉ ያስቀረውና ያላስቀረው

እንግዲህ ሥዕል ከመጣ ወዲህ ምን ተለወጠ? በመጀመሪያ፣ ሳንባን መውጋት እጅግ ብርቅ ሆኗል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚፈስ ስለሚታይ በጥቂቱ መሥራት ተቻለ። በ2008 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት በአንገት በኩል 20 ሚሊ ሊትር የተሰጣቸው በሽተኞች ሁሉ የድያፍራም መስነፍ ሲያገኛቸው፣ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 45 ያህሉን ብቻ እንዳገኛቸው አሳይቷል። ሦስተኛ፣ መመረዝ ቀንሷል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከ25,000 በላይ መርፌዎች ተመዝግበው በ2013 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው መመረዝ የደረሰው 22 ጊዜ ነው፤ አልትራሳውንድ ሲጨመር ይህ ዕድል ከግማሽ በላይ ይወርዳል።

የነርቭ ጉዳት ግን እንደዚህ በግልጽ አልቀነሰም። ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ጉዳት ዱሮም ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ከ10,000 ሰው ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑትን ያገኛል ተብሎ ይገመታል። ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚቆይ መደንዘዝና መጠዝጠዝ ግን ከዚህ ይበዛል፤ አብዛኛውም በራሱ ይድናል። ጉዳቱ ሥዕል እያለ ያልቀነሰበት ምክንያት አለው። የመርፌው ጫፍ ከሥዕሉ መስመር ትንሽ ከወጣ አይታይም። ውፍረት ሥዕሉን ያደበዝዛል። ከዚህም በላይ ነርቭ የሚጎዳው በመርፌ ብቻ አይደለም። ክንዱን አጥብቆ የሚያስረው የደም ማቆሚያ ቀበቶ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ክንዱ የተቀመጠበት ሁኔታ፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱና ቀድሞ የነበረ የስኳር በሽታም ይጎዱታል። አልትራሳውንድ የተሳሳተውን ክንድ ከትክክለኛው አይለይምና በእንግሊዝ አገር ከ2011 ጀምሮ ሐኪሞች ከመውጋታቸው በፊት ለአፍታ ቆመው ጎኑን እንደገና እንዲያረጋግጡ የሚያሳስብ ዘመቻ ተደርጓል።

አንደበታችንን አንሸሽግ

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። በዱሮው ጊዜ በሽተኛው ካልተናገረ ሐኪሙ ሥራውን መሥራት አይችልም ነበር። ዛሬ ሐኪሙ በሥዕል ስለሚሠራ በሽተኛው ዝም ቢል ሥራው አይቆምም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። መርፌው ሲገባ ወይም መድኃኒቱ ሲለቀቅ ክንድ ድረስ የሚወርድ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማ ወዲያው መናገር ያስፈልጋል፤ መርፌው ነርቩ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ጆሮ ቢጮህ፣ አፍ ብረት ብረት ቢል፣ ከንፈር ቢደነዝዝ፣ ራስ ቢዞር ይህም መድኃኒቱ ወደ ደም የመግባቱ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንዲት ደቂቃ እንኳ መቆየት የለበትም። ማሽን እነዚህን አይሰማም፤ የሚሰማቸው በሽተኛው ብቻ ነው።

የእኛ ሰው ግን በሐኪም ፊት ይሉኝታ ያጠቃዋል። «ባስቸግራቸው ይከፋቸዋል»፣ «ትንሽ ልቻለው» ብሎ ጥርሱን ነክሶ የሚተኛ ብዙ ነው። ቋንቋው የማይመቸው ደግሞ የአሥር ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይገባል፤ ልጅ ግን የማያውቀውን ቃል ሊያስተረጉም አይችልም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚው በስልክም ቢሆን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት እንዲገኝ መጠየቅ መብት ነው። ያን ጊዜ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የስኳር ወይም የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ክንዱ ቀድሞ የሚደነዝዘው ሁሉ አስቀድሞ ያስታውቅ። የትኛው ክንድ እንደሚታከም በራሱ አፍ ይናገር።

ወደ ቤት ሲመለሱም ጥንቃቄው አያበቃም። በአንገት በኩል የተወጋ ሰው የአንድ ዓይኑ ቆብ ሊወርድ፣ ድምፁም ሊጎረንን ይችላል፤ ቤተሰብን ቢያስደነግጥም ማደንዘዣው ሲለቅ አብሮ ያልፋል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ነው። የደነዘዘ እጅ የጀበናን ትኩሳት አያውቅም፤ ሳይሰማው ይቃጠላል። ስለዚህ ክንዱ እስኪነቃ ድረስ ከእሳትና ከስለት መራቅ፣ በማንገቻው ደግፎ መያዝ ያሻል። ማደንዘዣው ሌሊት ሊለቅ ስለሚችል የታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ መቼ መጀመር እንደሚገባ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ መጠየቅ ይበጃል። ማደንዘዣው ይለቃል ከተባለበት ጊዜ በኋላ ክንዱ አሁንም ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ ደውሎ መንገር እንጂ «ይሻለኝ ይሆናል» እያሉ ሳምንት ማሳለፍ አይገባም።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በዘመናችን የሐኪሙ መርፌ ዓይን አግኝቷል፤ እሰየው ነው። ጆሮ እንዲኖረው የምናደርገው ግን እኛ በመናገራችን ነው።